ሚስቴን ያስተማርኳት ሰንበት

አሰበ ተፈሪ የተመደብኩት በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሰልጠኛ ወጥቼ አንድ የቆርቆሮ ሣጥንና አንድ ጋቢ ይዤ በጭነት መኪና ገባሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሸዋ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። አባቴ ቄስ ባይሆንም ከቄስ ይብስ ነበር። ዓርብ ማታ ሞፈርና ቀንበሩን ግድግዳ ካስደገፈ ሰኞ እስኪነጋ አይነካውም። እኔ በበኩሌ መንግሥት ቅዳሜ ጠዋት ስለሚያሠራን ቅዳሜን ማክበር አልሆነልኝም፤ እሑድን ግን አጥብቄ ያዝኩ። አገሩ አዲስ፣ ቋንቋው አዲስ ሲሆንብኝ ከቤቴ ይዤው የመጣሁት እሱን ብቻ መሰለኝ።

በሁለተኛው ዓመት አገባሁ። ሚስቴ ከሂርና በላይ ካለች መንደር የመጣች የኦሮሞ ልጅ ናት። አሰበ ተፈሪ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ወተት ትሸጥ ነበር፤ እኔም በየጠዋቱ ከምፈልገው በላይ ወተት እገዛ ነበር። ቤተሰቦቿ እስላሞች ናቸው። አባቷ ቀድሞ ሞቷል። ታላቅ ወንድሟ ጋብቻውን ስላልወደደው ሠርጋችን ላይ አልተገኘም። እናቷ ግን መጣች። እጄን በሁለት እጇ ይዛ በምትችላት አማርኛ፣ "ካልመታሃት፣ ካላስራብካት፣ ሌላው የአላህ ነው" አለችኝ። ልጅቷ እኔን ለማግባት ስትል ክርስትና ተነሣች። በዚያን ጊዜ እኔ ያየሁት የመጣችበትን ነው እንጂ የተወችውን አላየሁም።

ቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ በአጥራችን በኩል ሲያልፉ አንገታቸውን እየሰገጉ ግቢያችንን ያያሉ። አንድ እሑድ ከመካከላቸው አንዷ፣ የምሰማት ሳይመስላት፣ "የመምህሩ ሚስት ማተብ አሠረች እንጂ እሑድን ከሰኞ አትለይ" ስትል ሰማሁ። ሚስቴ በዚያ ሰዓት ግቢውን እየጠረገች ነበር። ደሜ ፈላ። በሴትዮዋ ላይ መሆን ሲገባው በሚስቴ ላይ ፈላ። መጥረጊያውን ከእጇ ነጠቅኩና ወደ ቤት አስገባኋት።

ማስተማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲያ ነው።

ከትምህርት ቤት የተሰነጠቀች ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አምጥቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ሚስቴ ማንበብ ስለማትችል ሥዕል ሣልኩላት። መጥረጊያ፣ ሙቀጫ፣ መርፌ፣ እንስራ፣ መጥረቢያ። በእያንዳንዳቸው ላይ በጠመኔ ሰረዝ አሰመርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ፊት አስቀምጣትና እጠይቃታለሁ። ውኃው ቅዳሜ ይቀዳል፣ እንጨቱ ቅዳሜ ይፈለጣል፣ ምግቡ ቅዳሜ ይሠራል። እሑድ እሳት አይነድም። ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አይኬድም። በመጨረሻ መኪና ሣልኩና በእሱም ላይ ሰረዝ አሰመርኩ። ሌላውን ከአባቴ ወርሼዋለሁ፤ እሱም ቢሆን ግማሹን በልጅነቴ በተሳሳተ ጆሮ የሰማሁት ሳይሆን አይቀርም። መኪናዋን ግን እኔ ጨመርኳት።

ሚስቴ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ከሁሉም በላይ ጠያቂ ነበረች። ያን ጊዜ ጥያቄዋ ያስቀኝም ያሰለቸኝም ነበር።

"ላም እሑድ ብትወልድስ?"

"ትወልድ። አንቺ አትንኪያት።"

"ጥጃው ቢታነቅስ?"

"አይታነቅም።"

አንድ ቅዳሜ ማታ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ታፍታታ ነበር። "ሰው ቢታመምብኝስ? ሩቅ ያለ ሰው?" አለችኝ። ቀይ ብዕሬን ከደብተሩ ላይ አላነሣሁም፤ ቀና ብዬም አላየኋት። "ሰንበት ሰንበት ነው። ቀኑን ያዘዘ ጌታ ለበሽተኛውም ያውቅበታል" አልኳት። ትንሽ ቆይታ ቃሌን እንዳለ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ ደገመችው። አዲስ የአማርኛ ነገር ስትይዝ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

ሴት ልጃችን ተወልዳ አፍ ስትፈታ ሰሌዳውን አብራ ተማረች። አራት ዓመት ሲሆናት እንግዳ ፊት አቁሜ እጠይቃት ነበር።

"መጥረጊያ?"

"አይነካም!"

"መርፌ?"

"አይነካም!"

"መኪና?"

"አይወጣም!"

እንግዶቹ ይስቃሉ፤ እኔ ደረቴን እነፋለሁ። ሚስቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ታያለች። ከቅዳሴ መልስ የሚያልፉት ሴቶችም በአጥራችን ሥር ዝግ ማለታቸውን ተዉ። ምን ይዩ? እሑድ እሑድ ከቤታችን ጭስ አይወጣም፣ ድምፅ አይወጣም። ልጅቷ መሮጥ አይፈቀድላትም። ግድግዳውን ተደግፈን ሦስታችንም ማታ እስኪሆን እንጠብቃለን። ይህን ነበር ቅድስና የምለው።

የሚስቴ እናት ብዙ ጊዜ የምትመጣው በገበያ ቀን ነው። ቅቤ ወይም አንድ ቅል ማር ይዛ ትመጣለች፤ ሥጋችንን ስለማትበላ ሚስቴ ገንፎ በቅቤ ትሠራላታለች። ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ቀርበው በቋንቋቸው ሲያወሩ ቤቱ ይሞቃል። ሚስቴ "አዮ" ትላታለች፤ እናቴ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ግን አሮጊቷ እሑድ መጣች። እግረ መንገዱን የሚያደርሳት መኪና ያን ቀን ስላገኘች ነው። ሚስቴ ደስ ብሏት እሳት ልታቀጣጥል ስትነሣ በዓይኔ ከለከልኳት። ተመልሳ ተቀመጠች። ትናንት የተጋገረ እንጀራ በድልህ ቀረበ። አሮጊቷ ቀዝቃዛውን እንጀራ ቀስ እያለች በላች፤ ነገሩ ሲገባት ፈገግ አለች።

"እኛም ጁምዓ አለን፣ መምህር" አለችኝ። "ሶላቱ ሲያልቅ ግን እሳቱን እናነዳለን።"

ከሰዓት በኋላ ተነሥታ ስትሄድ ሚስቴ እስከ አጥሩ በር ብቻ ሸኘቻት። እስከ መኪና መንገድ ልትሸኛት ብትፈልግም ከአጥር ማለፍ በትምህርታችን ውስጥ አልነበረም። አሮጊቷ ዞር ዞር እያለች ወጣች። ሚስቴ እናቷን በሕይወት ያየቻት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው።

በተከታዩ ዓመት፣ በኅዳር፣ በደሳ ያለ አንድ መምህር ታሞ ክፍሉን ለሁለት ሳምንት እንድሸፍን ተላክሁ። በደሳ ከአሰበ ተፈሪ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ነው እንጂ። የቡና ወቅት ስለነበር ከተማው በጆንያና በነጋዴ ተሞልቶ ማደሪያ ጠፋ። አንድ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትኋን ሲበላኝ ሰነበትኩ። ሥራዬ ዓርብ አለቀ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መኪና ጠብቄ አጣሁ። እሑድ በማለዳ አንድ ቡና የጫነ መኪና ወደ አሰበ ተፈሪ ሊነሣ ሞተሩን አስነሥቶ አየሁ። ሾፌሩ "መምህር፣ አይመጡም?" አለኝ።

ብዙም አላመነታሁም። በዚያች ክፍል ሌላ ሌሊት ማደር አልፈለግኩም፤ ልጄም ናፍቃኛለች። ለራሴም አንድ ሰበብ አበጀሁ፤ መንገደኛ ሰው ነኝ፣ መንገደኛ ይፈቀድለታል አልኩ። ከጆንያው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። አሰበ ተፈሪ ስንቃረብ ግን ሾፌሩን ከከተማው መግቢያ ላይ አስቆምኩት። "እዚህ ነው ቤትዎ?" ሲለኝ "እዚህ ይበቃኛል" አልኩት። ወረድኩና ነጠላዬን ከሣጥኔ አውጥቼ እንደ አስቀዳሽ አጣፋሁት። ሣጥኑን መግቢያው ላይ ካለ ሱቅ በአደራ አስቀመጥኩ። ከዚያ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሰንበቴ ላይ የዋልኩ መስዬ በውስጥ መንገድ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰዓቱ ስምንት ግድም ነበር። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሁለት ሴቶች ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።

ሚስቴ በሩ ላይ ተቀምጣለች። የክት ልብሷን ለብሳለች። አጠገቧ አንድ ትንሽ ጓዝ በሻሽ ታስሮ ተቀምጧል። ልጃችን ከእግሯ ሥር ሆና ዝም ብላለች።

"ምነው? ምን ሆናችኋል?" አልኩ።

"አዮ ታማለች" አለችኝ። "በጣም። ወንድሜ ጠዋት መጣ። ትጠራኛለች።"

"ወንድምሽ? የት አለ?"

"ሄደ። የመጣበት መኪና ወደ ሂርና ተመላሽ ነበር። ትንሽ አቆመው። ከዚያ ሄደ።"

"ታዲያ ለምን አብረሽው አልሄድሽም?"

ጥያቄው አልገባትም። ግራ ተጋብታ አየችኝ።

"ሰንበት አይደለም እንዴ? ፀሐይ ስትጠልቅ እመጣለሁ አልኩት።"

ልጃችንም ከታች ሆና ያስጠናኋትን አስታወሰች። "መኪና አይወጣም" አለች።

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬ አውቃለሁ። እንደዚያች ቅጽበት ግን አላፈርኩም። "ተነሺ፣ አሁኑኑ እንሂድ" አልኳት።

"ይቻላል?"

"ይቻላል። ተነሺ።"

ተነሣችና ጓዟን አነሣች። ከዚያ ትክ ብላ አየችኝና፣ "ጠዋትም ይቻል ነበር?" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ልጄን ከመሬት አስነሣሁ። እሷም ጥቂት ጠብቃ፣ "አንተስ በምን መጣህ?" አለች።

"ትናንት ማታ ገብቼ ቤተ ክርስቲያን አደርኩ" አልኳት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ነጠላዬን ላስተካክል እጄን ስሰድ እጇን ዘርግታ ከኮቴ ትከሻ ላይ የቡና ገለባ አንሥታ መሬት ላይ ጣለች። ሌላም አነሣች።

ወደ መኪናው መንገድ ወጣን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሂርና የሚያልፍ ነገር ጥቂት ነው። ከሐረር በኩል የሚመጡት ያልፉናል፤ ወደዚያ የሚሄድ ግን የለም። አንድ የመንግሥት መኪና እጄን ዘርግቼ ለምኜው አቧራ አልብሶን አለፈ። ልጄ ደክሟት ጓዙ ላይ ተኛች። ፀሐይ ስትጠልቅ ሚስቴ ወደ ምዕራብ ዞራ አየቻት። "አሁን አለቀ" አለች። ቤት ገብተን ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተመልሰን ወጣን። ጫት ሊጭን የሚሄድ መኪና አግኝተን ሂርና ገባን፤ ከዚያ መንደሩ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ዳገት ወጣን።

ከቤቱ ሳንደርስ ሰዎቹ በአጥሩ ሥር ተሰብስበው ተቀምጠው አየን። ሚስቴ ቆመች። ጓዙን ከትከሻዋ አውርዳ መንገዱ መሐል አስቀመጠችው።

ወንድሟ ወደ እኛ ወረደ። እሱን አፍ ለአፍ ሳነጋግር የመጀመሪያዬ ነው። ለእህቱ በኦሮምኛ ጥቂት ነገር ነገራትና ሴቶቹ መጥተው ደግፈው ወሰዷት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

"ትናንት ቀትር ላይ ሞተች" አለኝ። "እኛ ሬሳ አናሳድርም፣ መምህር። ግን ጠብቀናል። ሽማግሌዎቹን ለምኜ እስከ አስር ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ቀበርናት።"

"አላወቅኩም" አልኩት።

"መኪናው ቆሞ ነበር" አለኝ። "ሾፌሩን ለምኜ አስቆምኩት። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ግን አልወጣም ትላለች። በክንዷ ልጎትታት ነበር። ይችን ታህል ልጅ መካከላችን ገብታ አይወጣም፣ አይወጣም አለችኝ። ምን ላድርግ? ተውኳት።"

እናቱ እስከ መጨረሻው የቤቱን በር እንዳይዘጉ ትላቸው እንደነበርም ነገረኝ። ሴት ልጇ ስትመጣ በሩ ተዘግቶ እንዳታገኘው ብላ ነው።

እኔ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሚስቴና ልጄ እዚያው ቀሩ። እውነቱን ለመናገር ተመልሳ ትመጣለች ብዬ አላመንኩም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን መጣች። ቤቱን አጸዳች፣ ምግብ ሠራች፣ የሚያስፈልገውን ብቻ አወራችኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ሰሌዳው ፊት አላስቀመጥኳትም፤ ጭራሽ አውርጄ ትምህርት ቤት መልሼው ነበር።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ ግቢው መሐል ትልቁን ሳፋ አውጥታ ልብስ ታጥባለች። እሳት አንድዳ ውኃ አሙቃለች። ከቤቱ ላይ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ልጃችን በሩ ላይ ቆማ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

"እማዬ! ሰንበት እኮ ነው!"

"አውቃለሁ" አለች ሚስቴ። ማጠቧን አላቆመችም።

ሴቶቹ በነጭ ልብሳቸው በአጥራችን ሥር ቆሙ። እኔንም አዩኝ፣ እሷንም አዩ። ሚስቴ ቀና ብላ ሰላም አለቻቸው፤ እጇ እስከ ክርኗ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። እኔ ልጄን አቅፌ ወደ ቤት ገባሁ።

ወሬው የንስሐ አባታችን ዘንድ ሳይውል ሳያድር ደረሰ። አረጋዊ ካህን ነበሩ፤ ሲራመዱ ያነክሳሉ። ማክሰኞ ማታ መጡ። ሚስቴን ሊገሥጹልኝ መጡ ብዬ ነበር። እሷ ጓዳ ገብታ ቀረች። ብቻችንን ስንሆን ግን የሆነውን አንድም ሳላስቀር፣ የቡናውን መኪናም ጭምር ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው መቋሚያቸውን መሬት ላይ አጋደሙ።

"ይህን ማን አስተማረህ?" አሉኝ።

"አባቴ…"

"አባትህ በሰንበት የታመመ አይጠየቅም ብሏል? ሬሳ አይቀበርም ብሏል?"

አባቴ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘንጉን ይዞ በሽተኛ ሊጠይቅ ሲወጣ በልጅነቴ ስንት ጊዜ ተከትዬው ሄጃለሁ!

"በግ እንኳ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበት ይወጣል" አሉ። "እኔ እዚሁ መንገድ ላይ ነኝ፤ መጥተህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ልጄ፣ አንተ ሰንበትን አላስከበርክም። ራስህን ነው ያስከበርከው።" ቀኖና ሰጡኝ። ለሚስቴ ምንም አላሉም፤ ሲወጡ ጓዳው በር ላይ ቆም ብለው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብቻ አሏት።

ከሄዱ በኋላ ጠራኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ካህኑ ያሉትን፣ ያን ቀን ጠዋት መሄድ ትችል እንደነበር፣ እኔም በመኪና እንደመጣሁና እንደዋሸኋት። ይቅርታ ጠየቅኳት። የምትጮህ፣ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። መብራቱን እያስተካከለች፣ "መኪናውን አውቄ ነበር" አለች። ቀጥላም፣ "እንግዲያው እኔ ስጠይቅህ አንተም አታውቀውም ነበር" አለችኝ። "አላውቅም ብትለኝ ኖሮ ሌላ ሰው እጠይቅ ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም።

ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ ሚኤሶ ተዛወርኩ። ቆላ ነው፤ ሙቀቱና ወባው ሰው ይጨርሳል፤ ዝናብ የቀረበት ዓመት ስለነበር ማሽላው ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ ቀረ። ሁለተኛ ልጃችን እዚያ ተወለደ። እኔ እሑድ እሑድ አስቀድሼ እመለሳለሁ። ሚስቴ አንዳንዴ ልጆቹን ይዛ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ትልቋ ልጃችን ግን ጉዳቱ በእሷ ላይ ጸንቶ ቀረ። አንድ ቀን በሥራ ቀን፣ መርፌ ይዛ የወንድሟን ቁልፍ ስትተክል ድንገት ቀና ብላ፣ "አያቴ በእኔ ነው የሞተችው?" አለችኝ። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ነበረች። በእኔ ነው ብዬ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "በማንም አይደለም፤ ታማ ነው" አልኳት። ለልጅ የሚባለው እሱ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው የእኔን ድርሻ ደፍሬ ብነግራት ይቀላት ነበር። እንዳላመነችኝ ከዓይኗ አውቄያለሁ።

የሚስቴ ወንድም በዚያን ዘመን ከብት መነገድ ጀምሮ ስለነበር ወደ ሚኤሶ ይመላለሳል። በመጣ ቁጥር እህቱን ሳያይ አያልፍም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ሚስቴ በቋንቋዋ ታወራለች፤ ትጠይቀዋለች፣ ይመልስላታል፣ እንደገና ትጠይቀዋለች። አንዳንዴ ትስቃለች። ኦሮምኛ እስከዚያ ድረስ በደንብ አልተማርኩም፤ ጥያቄ መሆኑን ግን ከድምፁ አነሣስ ይታወቃል። በሩን ከፍቼ ስገባ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ወንድሟ ከመቀመጫው ተነሥቶ በአክብሮት ይጨብጠኛል፣ የጤናዬን ይጠይቃል፣ ብዙም ሳይቆይ በትሩን አንሥቶ ይሄዳል።

በኋላ በኋላ ድምፁን ከሰማሁ አልገባም። ደብተሮቼን በብብቴ እንደያዝኩ ወደ ባቡር ጣቢያው እመለሳለሁ፤ ከበረሃው መጥተው ጥላ ሥር የተኙትን ግመሎች እያየሁ አንድ ጊዜ ዞሬ እመጣለሁ።